ስለ ፊሊፒንስ ዘፈን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዱባይ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ሠርታ የመጣች እህት ያለችው ሰው ስለ ፊሊፒኖች አንድ ነገር ሳይሰማ አይቀርም። ሲሠሩም ይዘፍናሉ፣ ሲያርፉም ይዘፍናሉ። ምን እንደሚዘፍኑ፣ ዘፈኑስ የማን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚህ በታች የሚመጡት ጥያቄዎች በዚህ ዙሪያ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፊሊፒኖች የሚዘፍኑት የሰው ዘፈን ብቻ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከዱባይ እስከ ሆንግ ኮንግ፣ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ የሚጫወት ባንድ ካያችሁ ፊሊፒኖ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የዊትኒ ሂውስተንን ዘፈን ሲዘፍኑት ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ራሷ መጣች እንዴ ይላል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አገሪቱ ከ300 ዓመት በላይ በስፔን፣ ከ1898 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ሥር ቆይታለች። ስፔን ጊታርና የካቶሊክ መዝሙር ይዛ ገባች። አሜሪካ የማርሽ ባንድና ጃዝ አመጣች። ዋልተር ላቪንግ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ መኮንን ያሠለጠነው የፊሊፒንስ ኮንስታቡላሪ (የፖሊስ ጦር) ባንድ በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ተጫውቶ ስሙን አስጠርቷል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሻንጋይና የሆንግ ኮንግ ዳንስ ቤቶች ጃዝ ተጫዋች ሲፈልጉ ዓይናቸው ወደ ማኒላ ነበር።

ከዚያ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች መጡ። ከሱቢክ አጠገብ ኦሎንጋፖ፣ ከክላርክ አጠገብ አንሄለስ የሚባሉ ከተሞች አሉ። ያኔ እዚያ የምሽት ክለቡ ደንበኛ ወታደር ነበር። ወታደር ደግሞ የሚፈልገው አገሩ ሳለ የለመደውን ዘፈን ነው። አስመስሎ የተጫወተ ባንድ ይከፈለዋል፤ የራሱን ዘፈን ይዞ የመጣ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ "ፈጠራ የላቸውም" የሚለው ወሬ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዘፈኑን የመረጠው ከፋዩ ነው።

ኦፒኤም ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

"ኦሪጅናል ፒሊፒኖ ሙዚክ" የሚለው አጭር ስም ነው፤ ፊሊፒኖች ራሳቸው የደረሱትና የተጫወቱት ዘመናዊ ዘፈን ማለታቸው ነው። "ኦሪጅናል" የሚለው ቃል ከፊት የገባው በምክንያት ነው፤ የተቀዳ አይደለም ለማለት። ስያሜው የ1970ዎቹ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኤፒኦ ሃይኪንግ ሶሳይቲ ከሚባለው የሦስት ጓደኛሞች ቡድን አንዱ ለነበረው ለዳኒ ሃቪየር ነው። ድሮ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ብቻ ነበር እንዲህ የሚባለው። አሁን ሮኩም ራፑም በዚሁ ስም ይጠራል።

ከዚያ በፊትስ የራሳቸው የሆነ ነገር አልነበራቸውም?

ኩንዲማን ነበራቸዋ! በሦስት ምት የሚሄድ የፍቅር ዘፈን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሐዘን ቃና ይጀምርና ወደ መጨረሻው ወደ ብሩህ ቃና ይዞራል። ኒካኖር አቤላርዶና ፍራንሲስኮ ሳንቲያጎ የሚባሉ ሁለት የዜማ ደራሲዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮንሰርት አዳራሽ የሚገባ ጥበብ አድርገውታል። ስሜቱ ወደ ትዝታችን ይቀርባል። ቅኝቱ ግን ከእኛ አይገናኝም፤ የአውሮፓ ነው። በደቡብ፣ በሚንዳናኦ ደግሞ ኩሊንታንግ የሚባል በተርታ የተደረደረ የነሐስ ደወል አለ። እሱ ከስፔንም ከአሜሪካም የመጣ አይደለም።

በምን ቋንቋ ነው የሚዘፍኑት?

ታጋሎግ ይበዛል። እንግሊዝኛም አለ። ሁለቱን ቀላቅሎ መዝፈንም የተለመደ ነው፤ የማኒላ ሰው የሚያወራውም እንደዚያው ነው።

በታጋሎግ ሮክ መጫወት ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ሁዋን ዴ ላ ክሩስ ባንድ በ1973 ሲያደርገው ነው ብዙ ወጣት "ለካ ይቻላል" ያለው። ቀጥሎ ሆትዶግ የሚባል ባንድ መጣ። ስሙ ያስቃል፤ ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ጋርሲያ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የመሩት ይህ ባንድ የከተማውን የተቀላቀለ ቋንቋ በዲስኮና በፖፕ ምት ላይ አስቀመጠው። ይህ አጨዋወት ማኒላ ሳውንድ ተባለ። "ማኒላ" የሚለው ዘፈናቸው ከተማዋን ጥሎ የሄደ ሰው ናፍቆት ነው። ግርግሯና ጫጫታዋ ሳይቀር የናፈቀው ሰው።

ታጋሎግ የሁሉም ቋንቋ አይደለም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሴቡና በአካባቢው ደሴቶች የሚነገረው ሌላ ነው። ከቦሆል ደሴት የወጣው ዮዮይ ቪላሜ በቀልደኛ ዘፈኖቹ አገር ምድሩን አስቋል። በ1972 ስለ አሳሹ ማጄላን መምጣትና መሞት የዘፈነው የታሪክ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል ማለት ይቻላል። በመላ አገሪቱ የሚዘፈነው የገና ዘፈን "አንግ ፓስኮ አይ ሱማፒት" ዜማውም በ1933 ሴቡ ውስጥ በቪሴንቴ ሩቢ የተደረሰ ነው። ግጥሙ በኋላ በታጋሎግ ተተካ። ዛሬ ከማኒላ ሰው መካከል የሩቢን ስም የሚያነሳው ጥቂት ነው።

"አናክ" የሚለው ዘፈን የማን ነው? ለምን እንዲህ ገነነ?

የፍሬዲ አጊላር ነው። ገና ወጣት ሳለ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ከወላጆቹ ተቀያይሞ ጊታሩን ይዞ ከቤት ወጣ። በየክለቡ እየዞረ ይጫወት ነበር። በኋላ ሲጸጽተው ይህን ዘፈን ጻፈ። የሚናገረው ወላጅ ነው፤ የሚናገረው ለልጁ። ስትወለድ እናትህ ሌሊት እየተነሳች ወተት ታዘጋጅ ነበር፤ አባትህ ጠዋት በደስታ ያቅፍህ ነበር። ስታድግ ግን ጥለኸን ሄድክ፤ መጥፎ መንገድም ያዝክ ይላል። አንድ ጊታር ይበቃዋል።

በ1978 ማኒላ ውስጥ የመጀመሪያው የሜትሮ ማኒላ ፖፑላር ሙዚቃ ፌስቲቫል ተካሄደ። "አናክ" ለፍጻሜ ደረሰ፤ አላሸነፈም። ያሸነፈው ወጣቱ ራያን ካያብያብ የደረሰውና ሃጂ አሌሃንድሮ የዘፈነው "ካይ ጋንዳ ንግ አቲንግ ሙሲካ" ነበር፤ ሙዚቃችን ምንኛ ያምራል የሚል ዘፈን። ዳኞቹ ተሳስተዋል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አልልም፤ የካያብያብም ዘፈን ዛሬ ድረስ ይዘፈናል። ድንበር የተሻገረው ግን የተሸነፈው ነው። ከሃያ በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በጃፓንም በአውሮፓም ተሸጧል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። የወላጅ ዕዳ የማይገባው ሕዝብ የለም፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይገባዋል።

አጊላር በግንቦት 2025 በ72 ዓመቱ አርፏል።

በማርኮስ ዘመን ዘፋኞቹ ምን ያደርጉ ነበር?

ፕሬዚዳንቱ ፈርዲናንድ ማርኮስ በ1972 የጦር ሕግ አወጀ። በዚያ ዘመን "ባያን ኮ" የሚባለውን የድሮ ዘፈን በአደባባይ መዝፈን መዘዝ ነበረው። ዜማው የኮንስታንሲዮ ዴ ጉስማን፣ የታጋሎግ ግጥሙ የሆሴ ኮራዞን ዴ ሄሱስ ነው። ሲጻፍ በአሜሪካ አገዛዝ ላይ ነበር፤ ታስሮ የሚያለቅስ ወፍ አለበት። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ በራሳቸው አምባገነን ላይ ዋለ። የተቃዋሚው መሪ ኒኖይ አኪኖ በ1983 ሲገደል ሕዝቡ ይህን እየዘፈነ ነበር የቀበረው። በ1986 ማኒላ ውስጥ በኤድሳ ጎዳና ላይ የወጣው ሕዝብም ይህንኑ ዘፈነ፤ አጊላርም ከፊት ነበር። ማርኮስ ሸሹ።

ሁሉም ግን ፖለቲካ አልነበረም። አሲን የሚባለው የፎክ ባንድ በዚያው ዘመን ስለ ተበከለው ወንዝና ስለ ጠቆረው አየር ዘፍኗል። የአካባቢ ጥበቃ ወሬ ፋሽን ከመሆኑ በፊት ማለት ነው።

ዘፈኖቹን የሚጽፉት እነማን ናቸው? ዘፋኞቹን ብቻ ነው የምንሰማው።

ለዚህ ጥያቄ ሌቪ ሴሌሪዮን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። በ1910 ቶንዶ በሚባለው የማኒላ የድሆች ሰፈር ተወለደ። ከ4,000 በላይ ዘፈን ግጥም ጽፏል ይባልለታል። "አንግ ፓስኮ አይ ሱማፒት" ላይ የታጋሎጉን ግጥም ያስገባውም እሱ ነው። ሌላ የሚታወቅበት ነገር አለ፦ ከዛፍ ቅጠል ቀጥፎ፣ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዜማ ይጫወትበት ነበር። ለዚህም ጊነስ መዝግቦታል። በ1997 የአገሪቱ ትልቁ የኪነ ጥበብ ክብር የሆነው ብሔራዊ አርቲስት ማዕረግ ተሰጠው።

ከዚያ በ1938 "ዳሂል ሳ ኢዮ"ን የደረሰው ማይክ ቬላርዴ አለ። የ1970ዎቹና የ80ዎቹን የፊልም የፍቅር ዘፈኖች ደግሞ የሞላው ጆርጅ ካንሴኮ ነው። ከላይ ያነሳነው ራያን ካያብያብ በ2018 ብሔራዊ አርቲስት ሆኗል። እሱ ስሞኪ ማውንቴን የሚባል የወጣቶች ቡድንም አቋቁሞ ነበር። ስሙ የተወሰደው ቶንዶ ውስጥ ከነበረ የቆሻሻ ተራራ ነው።

ኢሬዘርሄድስ ምን ቢያደርጉ ነው እንዲህ የሚመለኩት?

አራት ተማሪዎች ናቸው። በ1989 በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ዲሊማን ግቢ ተሰባሰቡ፦ ኢሊ ቡዌንዲያ፣ ሬይመንድ ማራሲጋን፣ በዲ ዛባላና ማርከስ አዶሮ። አንዳቸውም በፊሊፒንስ መለኪያ ትልቅ ድምፅ አላቸው አይባልም። እዚያ አገር ዘፋኝ ማለት ጣሪያ የሚነካ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ ሬጂን ቬላስኬዝን የሰማ ይረዳኛል። እነዚህ ልጆች ግን ጓደኛ ለጓደኛው በሚያወራበት ቋንቋ ስለ ፈተና፣ ስለ ርካሽ ቢራ፣ እምቢ ስላለች ልጅ ዘፈኑ። በ1993 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። በ1995 "ከተርፒሎው" ሲመጣ የአገሪቱ ወጣት ሁሉ ጊታር የገዛ ይመስል ነበር።

ትልቁ ሥራቸው "አንግ ሁሊንግ ኤል ቢምቦ" ነው። አንድ ሰው በልጅነቱ የሚያውቃትን ልጅ ያስታውሳል፤ ዳንስ ያስተማረችው እሷ ናት። ጣፋጭ ትዝታ መስሎ ይጀምርና መጨረሻው ይሰብራል፤ መጨረሻውን አልናገርም። ክሊፑ በ1997 ከኤምቲቪ የእስያ ተመልካቾች ምርጫ ሽልማት አግኝቷል።

በ2002 ተለያዩ። በነሐሴ 2008 ለአንድ ምሽት ተመለሱ። የኢሊ እናት ከሁለት ቀን በፊት ነበር ያረፈችው። የመጀመሪያው ክፍል እንዳለቀ ኢሊ ራሱ ታሞ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ኮንሰርቱም በግማሽ ቆመ። ቀሪውን በ2009 ጨረሱት። በታኅሣሥ 2022 እንደገና ሲመጡ የድሮዎቹ ተማሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ።

እነሱ በከፈቱት በር ሪቨርማያ፣ ፓሮክያ ኒ ኤድጋርና ሌሎችም ገቡ። በጎን ደግሞ ፍራንሲስ ማጋሎና በ1990 ራፕን በታጋሎግ ለመላው አገር አሰማ። በ2009 በደም ካንሰር ነው የሞተው፤ ገና 44 ዓመቱ ነበር።

ሬዲዮ የአገር ውስጥ ዘፈን እንዲያጫውት የሚያስገድድ ሕግ አለ ወይ?

አለ። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ በሐምሌ 1987 ትእዛዝ ቁጥር 255ን ፈረሙ። ሙዚቃ የሚያስተላልፍ ጣቢያ በየሰዓቱ ቢያንስ አራት የፊሊፒኖ ዘፈን ማጫወት አለበት ይላል። ሁሉም ያከብረዋል ወይ? አይ። ቢሆንም መኖሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሬዲዮው በባዕድ ዘፈን ባይጥለቀለቅ ኖሮ ማን ትእዛዝ ይፈርማል?

ስለ ስደት የዘፈኑት ነገር አለ? እኛም እነሱም ዓረብ አገር ነን።

አለ እንጂ። ከሁሉም የሚታወቀው የሮኤል ኮርቴዝ "ናፓካሳኪት፣ ኩያ ኤዲ" ነው፤ የ1980ዎቹ ዘፈን። ኩያ ማለት እንደ እኛ "ጋሼ" ወይም "ወንድምዓለም" ታላቅ ወንድን ማክበሪያ ነው። ኤዲ ደግሞ የሕዝብን ችግር በደብዳቤ እየተቀበለ ምክር የሚሰጥ እውነተኛ የሬዲዮ ሰው ነበር። ዘፈኑ ለእሱ የተላከ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ሳዑዲ ናፍቆቱን ውጦ ይሠራል፤ ገንዘብ ይልካል። አገሩ ሲገባ ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ናት። ትቷቸው የሄደው ሁለት ልጆች ሦስት ሆነው ጠበቁት።

ፊሊፒኖች ይህን ካራኦኬ ላይ እየሳቁ ይዘፍኑታል። ሳቁ ግን ከልብ አይደለም። ጂዳ ወይም ሪያድ የሠራ የእኛ ሰው ታሪኩን ለመረዳት ታጋሎግ ማወቅ አያስፈልገውም።

ከአዲሶቹ ደግሞ ራፐሩ ግሎክ ናይን "ዋላንግ ናቲራ"ን ሠርቷል። መምህሩም፣ ነርሷም፣ ግንበኛውም ሄደው አገር ውስጥ ሰው አለቀ ነው የሚለው።

ካራኦኬን የፈጠሩት ፊሊፒኖች ናቸው የሚባለውስ?

እዚህ ላይ ሁለት ሰው አለ። ዳይሱኬ ኢኖዌ የሚባል ጃፓናዊ በ1971 ማሽኑን ሠራ፤ ግን የፈጠራ መብት አላስመዘገበም። ሮቤርቶ ዴል ሮሳሪዮ የሚባል ፊሊፒናዊ የራሱን የመዝፈኛ ማሽን ሠርቶ በ1983 እና በ1986 አገሩ ውስጥ አስመዘገበ። ማሽኑን አስመስሎ ሸጠብኝ ያለውን ኩባንያ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1996 ፈረደለት። ስለዚህ ቀዳሚው ጃፓናዊው፣ ወረቀቱ ያለው ፊሊፒናዊው ነው። እዚያ ቪዲዮኬ ይሉታል፤ ለልደትም ለሰርግም ማሽኑን በኪራይ ያስመጡታል።

የገና ዘፈን በሴፕቴምበር ይጀምራሉ የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ሴፕቴምበር 1 ቀን የገበያ አዳራሾች ውስጥ ሆሴ ማሪ ቻን መዝፈን ይጀምራል። በ1990 ያወጣው "ክሪስማስ ኢን አወር ኸርትስ" ከልጁ ጋር የተጫወተው ነው። ሰውየው በስኳር ንግድም የሚታወቅ ነጋዴ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ፊቱ ከበር ጀርባ ብቅ ሲል የሚያሳዩ ቀልደኛ ፎቶዎች ኢንተርኔቱን ያጥለቀልቁታል።

ኤስቢ 19 እና ቢኒ የሚባሉት የፖፕ ቡድኖች የኬፖፕ ቅጂ አይደሉም?

ሥልጠናው የኮሪያ ነው፤ አይካድም። ኤስቢ 19ን ያሠለጠነው የኮሪያ ኩባንያ ነበር። አምስቱ ልጆች ግን ሁሉም ፊሊፒኖ ናቸው፤ የሚዘፍኑትም በአብዛኛው በታጋሎግ ነው። ከዘፈኖቹም አብዛኞቹን የሚጽፈው መሪያቸው ፓብሎ ነው። በ2018 ሲጀምሩ የሰማቸው አልነበረም። "ጎ አፕ" በ2019 ሲወጣ ካልተሳካ እንበተን ብለው ነበር። የዳንስ ልምምድ ቪዲዮአቸው ትዊተር ላይ ተሠራጨና ሁሉ ነገር ተገለበጠ። በ2021 በቢልቦርድ ሽልማት ከቢቲኤስ ጋር በአንድ ዘርፍ ታጩ። በ2023 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ።

ቢኒ ስምንት ሴቶች ናቸው። በ2021 ነው የጀመሩት፤ ኤቢኤስ-ሲቢኤን የሚባለው ያስተዳደራቸው ድርጅት የቴሌቪዥን ፈቃዱን በተነጠቀ ማግስት። "ፓንትሮፒኮ" በ2024 ስሙን ሲያገኝ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ደነሰበት።

ከአገራቸው ውጪ ማን ነው ትልቁ ስም?

ሊያ ሳሎንጋ። በ1989 ለንደን ውስጥ "ሚስ ሳይጎን" በሚባለው የሙዚቃ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣች። በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወሰደች። ልጆቻችሁ የዲዝኒውን "አላዲን" አይተው ከሆነ፣ ጃስሚን ስትዘፍን የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። "ሙላን"ም እንዲሁ።

ሌላው አርኔል ፒኔዳ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት መንገድ ላይ ያደረ ልጅ ነው። የሌሎችን ዘፈን እየዘፈነ በሆንግ ኮንግና በማኒላ ክለቦች ዓመታት አሳለፈ። በ2007 ጆርኒ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ኒል ሾን ዩቲዩብ ላይ አየው። ሲያገኙት የሚቀልዱበት መሰለው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የባንዱ ዋና ድምፃዊ ነው። እንግዲህ የሰው ዘፈን መዝፈን ይህንም ያመጣል።

ማዳመጥ ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከ"አናክ" ጀምሩ፤ ቃሉ ባይገባችሁም ይገባችኋል። ለመኪና መንገድ የሆትዶግ "ማኒላ" ይሁንላችሁ። ከዚያ "አንግ ሁሊንግ ኤል ቢምቦ"ን ከክሊፑ ጋር እዩት። ለስለስ ያለ አዲስ ነገር ከፈለጋችሁ ቤን ኤንድ ቤን የሚባለው ባንድ "ካታንግ ኢሲፕ" የሚል ዘፈን አለው። እኔ ብዙ ጊዜ የምመለሰው ወደሱ ነው። ልባችሁ ተሰብሮ ጮክ ብሎ መዝፈን ካሰኛችሁ ደግሞ በእህትማማቾቹ የሚመራው ኤጂስ የተባለው ባንድ አለ፤ "ሃሊክ"ን ክፈቱት። ሌሊት ላይ ከሆነ ግን ድምፁን ቀንሱ፣ ጎረቤት አለ።